ከእጅ ወደ እጅ፦ የክረምት ንባባችን ታሪክና ስድስት መጻሕፍት

(በነሐሴ ወር ማብቂያ በኮዬ ፈጬ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



በዚህ ዝናብና ጭቃ መካከል ስለ መጽሐፍ ለመስማት በመምጣታችሁ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ነገር ቀላል ነው፦ ከክረምቱ በቀሩት ሳምንታት ረጋ ብለን የምናነባቸውን ጥቂት መጻሕፍት እንድጠቁም። እጠቁማለሁ። ነገር ግን የታሪክ መምህር ስለሆንሁ፣ የመጻሕፍቱን ስም ከመጥራቴ በፊት መጽሐፍ መጠቆም ራሱ በአገራችን ምን ዓይነት ሥራ እንደ ነበር መናገር ግድ ይለኛል።

ለዚህ ያነሣሣኝ አንድ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የሰኔ ፈተና ሲያልቅ፣ ለተማሪዎቼ የክረምት ንባብ ዝርዝር በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ አደልሁ። ሃያ መጻሕፍት ነበሩበት። ትምህርት ሲከፈት ምን እንዳነበቡ ጠየቅሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ደጋግሜ ያነበብሁት ዝርዝሩን ነው» አለችኝ። ተማሪዎቹ ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። ቆይቼ ሳነጋግራት ግን ልጅቱ እየቀለደች እንዳልነበረ ተረዳሁ። ክረምቱን ባሳለፈችበት ከተማ መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ለምና ካዘዘቻቸው ሁለት መጻሕፍትም አንዱ ጠፋ፤ የሌላው ዋጋ ከእጅ በላይ ሆነ። ከሃያዎቹ መጻሕፍት ዐሥራ ሰባቱ ግን በእኔ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ አቧራ ለብሰው ከረሙ።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ዛሬ በታሪክ ምስክርነት ላስረዳ እሞክራለሁ። በአገራችን የንባብ ታሪክ ውስጥ መጽሐፍ መጠቆምና መጽሐፍ ማዋስ አንድ ሥራ ነበሩ። «ይህን አንብብ» የሚል ሰው መጽሐፉን ከእጁ ላይ ይሰጣል፤ መስጠት ካልቻለ ተቀምጦ ያነብለታል። ሁለቱ የተለያዩት በእኛ ዘመን ነው። መለያየታቸውም ጎድቶናል።

ክረምት የማን ዕረፍት ነው?

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ይህን ወቅት የዕረፍትና የንባብ ወቅት ብለን ስንጠራው ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ለገበሬው ክረምት ዕረፍት ሆኖ አያውቅም። የሚታረስበት፣ የሚዘራበት፣ የሚታረምበት፣ ጎተራውም የሚራቆትበት ወቅት ነው። ዛሬ የተሰበሰብንበት ይህ የኮዬ ፈጬ ምድር ራሱ፣ ሕንፃዎቹ ከመቆማቸው በፊት፣ የእርሻ መሬት ነበር። እኛ መስኮት ዘግተን መጽሐፍ በምንገልጥበት በዚህ በነሐሴ፣ በዚህ ቦታ ላይ ሰዎች ጎንበስ ብለው አረም ይነቅሉ ነበር። ስለ ክረምት ንባብ የሚናገር ሰው ይህን መዘንጋት የለበትም።

ይሁንና በዚያው በገበሬው ክረምት ውስጥ ለመጽሐፍ የተለየ ጊዜ ነበረ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ምእመናን በየአጥቢያቸው ተሰብስበው የውዳሴ ማርያምን ትርጓሜ ይሰማሉ። መጽሐፉን የያዘው መምህር አንድ ነው፤ የሚሰማው ብዙ ነው። ሕፃናትም፣ ፊደል ያልቆጠሩ አረጋውያንም ከዚያው ጉባኤ ናቸው። በወሎም በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ መንዙማዎች ከወረቀቱ ይልቅ በዜማ ተላልፈው ኖረዋል። በጨዋታና በምክር የሚነበበውን መጽሐፍ የምናውቀው በዓይናችን ብቻ ነው ብለን ካሰብን የአባቶቻችንን ንባብ ግማሹን አጥተነዋል። እነርሱ መጽሐፍን በጆሯቸው ያነቡ ነበር።

የተማሪ የክረምት ዕረፍት ግን ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር የመጣ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር ተቋቋመ። የትምህርት ዘመኑ በሰኔ ሲዘጋና በመስከረም ሲከፈት፣ ፊደል ያወቀ፣ ጊዜ ያለው፣ ዝናብም ከቤት ያዋለው ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ተገኘ። ለረጅም ልብ ወለድ አንባቢ ያበጀው ይህ ወጣት ነው።

ይህ የክረምት ጊዜ ለራስ ብቻ ያልዋለበትም ዘመን አለ። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ወሩ ሐምሌ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ አስተማሪ የሚሆኑት ተማሪዎች ትምህርት የሚዘጋላቸው ያኔ ነበር። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ስለ ሥርዓቱ የምንናገረው ብዙ ቢኖርም፣ አንድ ነገር ግን ልብ እንበል፦ የተማሪው ክረምት ማንበብ ለማያውቅ ሰው የሚዋስ ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ያኔ ታይቷል።

ዝርዝርና እርግማን

የመጽሐፍ ዝርዝር የማውጣት ልማድ በእኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚቆጥር ዝርዝር አሳትመዋል፤ በኋላም አስፍተውታል። እኚህ ሰው ደራሲ፣ የማተሚያ ቤት ባለቤትና ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። የግዕዙንና የአማርኛውን መጽሐፍ በየስሙ መዝግበው ለአንባቢ ማቅረባቸው «ይህ ይህ መጽሐፍ አለን» የማለት ያህል ነው። በ1900 ዓ.ም. የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ታትሞ የወጣው በሮም እንደ ነበር ስናስታውስ፣ በዚያ ዘመን መጽሐፍ መኖሩን ማወቅ ራሱ ትልቅ ነገር እንደ ነበር እንረዳለን። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1894 እ.ኤ.አ. ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በግዕዝ ፊደል ያሳተሙት የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ፣ አስቴር በቃሏ የያዘቻቸውን ተረቶችና ዘፈኖች ለአንባቢ ያቀረበ ነበር። እዚህም ዘንድ መጽሐፍ የተወለደው ከአንደበት ነው።

ከዝርዝሩ ጎን ሌላ ምስክር አለ፦ በብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የሚገኘው ግዝት። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚለውን ቃል ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ሰዎች ይህን ሲያዩ አባቶች መጽሐፍን ሸሽገው ይይዙ ነበር ይላሉ። እኔ በተቃራኒው አነበዋለሁ። ከሣጥን የማይወጣ መጽሐፍ ግዝት አያስፈልገውም። ግዝት የሚጻፈው ወደ ሰው እጅ ለሚሄድ ዕቃ ነው። ያ ብራና የብዙ ፍየሎች ቆዳና የወራት ድካም ዋጋ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ይነበብ ዘንድ ይሰጥ ነበር። ግዝቱ የዛሬው የቤተ መጻሕፍት የመመለሻ ቀን ማኅተም አባት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ስድስቱ መጻሕፍት

አሁን ወደ ተጠየቅሁት ልመለስ። ስድስት መጻሕፍት መርጫለሁ። የምርጫዬ መለኪያ ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ በዝናብ ቀን ረጋ ብለው ቢነበቡ ደስ የሚያሰኙ ናቸው፤ ሁለተኛ፣ እያንዳንዳቸው ወደ እኛ የደረሱበት መንገድ ስለ ንባብ ታሪካችን አንድ ነገር ያስተምራል።

የመጀመሪያው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ነው፤ በ1959 ዓ.ም. ታተመ። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበሩትን አባታቸውን እየጠየቁ፣ ድምፃቸውን በቴፕ ቀድተው፣ ንግግሩን እንደ ወረደ ወደ ጽሑፍ መለሱት። የቆሎ ተማሪ ኑሮ፣ የመምህራን ጠባይ፣ የዘመኑ መኳንንት ወግ፣ ቀልዱና ሐዘኑ ሁሉ በአንድ አረጋዊ አንደበት ይፈስሳል። ይህን መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ አትሞክሩ። ቡና እስኪፈላ ሦስት ገጽ ይበቃል። ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡት ደግሞ የተወለደበትን ቤት ያገኛል፤ የተጻፈው እንዲሰማ ነውና። ለታሪክ ተማሪዎችም ልዩ ጥቅም አለው። ዛሬ «የቃል ታሪክ» እያልን እንደ አዲስ ጥበብ የምናስተምረውን ልጅ ከአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ ሲሠራው ታያላችሁ።

ሁለተኛው የፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)» ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው፣ እዚያ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው፣ ሰው ሆነው ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉትም እርሳቸው። የሕይወት ታሪካቸው ግን በሕይወት ሳሉ አልታተመም። ለአሥርታት በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ፣ ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለኅትመት በቃ። በልጅነቱ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር የሄደ ሰው ሲመለስ የራሱ አገር እንዴት እንደሚታየው የሚናገሩት ክፍሎች ዛሬ በውጭ አገር ለሚማሩ ወጣቶቻችን የተጻፉ ይመስላሉ። ይህ መጽሐፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትዕግሥቱን ግን ይከፍላል። በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የአያቶቻችሁ ማስታወሻ ካለም፣ ይህን ስታነቡ ተነሥታችሁ ትፈልጉታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛው የታደሰ ሊበን «መስከረም» ነው፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣ የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ። ርእሱ ከያዝነው ወቅት ጋር ስለተስማማ ብቻ አልመረጥሁትም። በአሮጌውና በአዲሱ ልማድ መካከል የተያዙ የከተማ ሰዎችን በአጭሩ፣ በቀላል አማርኛ ያሳያል። በአገራችን አጭር ልብ ወለድ እንደ ራሱ የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዓይነት ሲቆም ቀዳሚ ስፍራ ከያዙት ሥራዎች አንዱ ነው። ረጅም መጽሐፍ የሚያስፈራው ሰው ከዚህ ይጀምር፤ በአንድ ምሽት አንድ ታሪክ። ከቃሊቲ እስከዚህ ታክሲ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰውም ልኩ ነው።

አራተኛውን ሳልጠራው የጠበቃችሁት ይመስለኛል፦ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከ500 ገጽ በላይ ነው። ደራሲው በጣሊያን ወረራ ዘመን ተማርከው ወደ ጣሊያን ደሴቶች የተጋዙ፣ ኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ላሳስባችሁ። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። የዚያ ታላቅ ፍቅር መነሻ የንባብ ትምህርት ነበር። ፊደል በሁለት ሰዎች መካከል ሲተላለፍ በመደብ የታጠረ ግቢ እንዴት እንደሚናጋ ደራሲው አሳምረው ያውቁ ነበር።

ይህ መጽሐፍ ወደ ሕዝብ የደረሰበት መንገድም ሊታሰብ ይገባዋል። ያነበቡት ብዙ ናቸው፤ የሰሙት ግን ይበልጣሉ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው፣ አንድ ሬዲዮ ያለበት ቤት የሰፈር ጉባኤ ይሆን ነበር። የፍልሰታው ጉባኤ መልኩን ለውጦ ተመለሰ ማለት ነው፦ አንድ አንባቢ፣ ብዙ ሰሚ። ዛሬም ድረስ ጉዱ ካሣን ስናስብ ብዙዎቻችን የምናስበው በወጋየሁ ድምፅ ነው። በእኔ በኩል የምመክረው ሁለቱንም ነው። ትረካውን ሰምታችሁ ከሆነ አሁን መጽሐፉን አንብቡ፤ በድምፅ ያመለጣችሁን የሐሳብ ክርክር በገጹ ላይ ታገኙታላችሁ።

አምስተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ደራሲው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆነው ከተሳተፉበት ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ተነሥተው፣ የአሥመራን ከተማ፣ የጋዜጠኛውን ጸጋዬንና የፊያሜታን ፍቅር፣ የሥልጣንንም ቋንቋ ጻፉ። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ቀናት ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራቸው ተባረሩ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። ከመሰብሰብ ያመለጡት ጥቂት ቅጂዎች ግን ከእጅ ወደ እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ ለአንድ ሌሊት እየተሰጡ ተነበቡ።

እስቲ ያንን አንባቢ አስቡት። መጽሐፉ ሲነጋ ይመለሳል፤ ከእጁ ቢገኝ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል፤ ያዋሰው ሰውም ያውቃል። ያኔ «ይህን አንብብ» ማለት ራስን በሌላው እጅ መጣል ነበር። ዛሬ ይህን መጽሐፍ ከገበያ ገዝተን፣ በዕረፍታችን፣ ሻይ አጠገባችን አድርገን ልናነበው እንችላለን። በቅርቡም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወደ ሌላው ዓለም አንባቢ ደርሷል። ዝግ ብሎ የማንበብ ነፃነት ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ የሚነግረን የለም።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ትርጉም ነው፦ የነቢይ መኰንን «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቼል በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣ ልብ ወለድ ትርጉም ሲሆን ርእሱን የወሰደው ከመጽሐፉ መዝጊያ ነው። ነቢይ በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጂ እስር ቤቱ ገባ። ወረቀት አልነበረም። በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ባለው ስስ ወረቀት ላይ፣ እንደሚነገረው በ3,000 ገደማ ቁራጮች ላይ፣ ተረጐመው፤ ቁራጮቹም ጥቂት በጥቂት በእስረኞች እጅ ወደ ውጭ ወጡ። ነቢይ ኋላ የ«አዲስ አድማስ» ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ብዙዎቻችሁ ያወቃችሁት ገጣሚ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለየ።

ለተማሪዎቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ ልብ ወለድ የአሜሪካን ደቡብ የባሪያ አሳዳሪዎች ዓለም በናፍቆት የሚያይ መጽሐፍ ነው፤ በዚህ ምክንያት በአገሩ ብርቱ ትችት ቀርቦበታል። ትችቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ በሁለት ዓይን አንብቡት፦ በአንደኛው የመጀመሪያዋን ደራሲ ዓለም መርምሩ፤ በሁለተኛው ደግሞ ጦርነት ያፈረሰውን ቤት የምትጠግን ሴት ታሪክ ለአዲስ አበባ እስረኛ ምን ትርጉም እንደ ነበረው ጠይቁ። አንድ መጽሐፍ አገር ሲለውጥ ትርጉሙም እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የተበጠሰው ሰንሰለት

ስድስቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ስናያቸው ምን እናገኛለን? አንደኛው በቴፕ ተቀዳ፤ አንደኛው በሣጥን ቆየ፤ አንደኛው በሬዲዮ ተሰማ፤ አንደኛው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ዞረ፤ አንደኛው በሲጋራ ወረቀት ወጣ። አብዛኞቹን ወደ እኛ ያደረሳቸው ገበያው ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ለሌላ ሰው በመስጠቱ ደረሱን።

ይህ ሰንሰለት ተራ የዕለት ኑሮም ነበረው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ በሳንቲም መጽሐፍ የሚያከራዩ ትናንሽ ሱቆች እንደ ነበሩ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ታላላቆች ታስታውሳላችሁ። መያዣ ታስይዛላችሁ፤ መጽሐፉን ትወስዳላችሁ፤ ሽፋኑ በካርቶን ተጠግኗል፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች አንዳንዴ ይጎድላሉ። አከራዩ ግን ማን ምን እንደሚወድ ያውቃል፤ «ይኼን ከወደድህ ያንን ውሰድ» ይላል። ጠቋሚም አዋሽም ነበር። ዛሬ እነዚያ ሱቆች የሉም ማለት ይቻላል። መጽሐፍ አዟሪዎች አሁንም ክንዳቸው ሙሉ መጻሕፍት ይዘው በመሀል ከተማ ይዞራሉ፤ የሚገዛቸው ግን በየጊዜው እያሰላ ነው፤ የወረቀትና የኅትመት ዋጋ መጽሐፉን ከተማሪ ኪስ አርቆታልና።

ከተማችንም ተለውጣለች። በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ላይ ተከፍቷል፤ ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን ከኮዬ ፈጬ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በክረምት ዝናብ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ያ መንገድ የአንድ ምሽት ንባብ ይበላል። እዚህ የምንኖር ብዙዎቻችን ከየሰፈሩ ተነሥተን በዕጣ የተገናኘን ነን። የድሮው ሰፈር በሳሎኑ ሬዲዮ ያሰባስበን ነበር፤ እዚህ ደግሞ በአንድ ደረጃ እየወጣን የጎረቤታችንን ስም ሳናውቅ ዓመት ይሞላናል። በዚህ ብሎክ ውስጥ ስንት «ፍቅር እስከ መቃብር» በየመደርደሪያው ተኝቶ እንዳለ ማን ያውቃል?

አንዳንዶቻችሁ «ቴሌግራም አለ አይደለም ወይ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ መጽሐፍ በፎቶ ተነሥቶ በስልክ ይዞራል። በአንድ በኩል የኦሮማይን አንባቢ ያስታውሰኛል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ያኔ መጽሐፉ በድብቅ የዞረው በመታገዱ ነው፤ ዛሬ የሚዞረው ደራሲው ያለ ፈቃዱ እየተዘረፈ ነው። ደግሞም አንድ ሺህ መጽሐፍ በስልኩ የጫነ ሰው፣ እንደ ተማሪዬ፣ ያነበበው ዝርዝሩን ብቻ ሊሆን ይችላል። ነገ የሚጠይቀው የለምና። የተዋሰ ሰው ግን መጽሐፉን ሲመልስ «እንዴት አገኘኸው?» ተብሎ ይጠየቃል። ውሰት የንባብ ቀጠሮ ነው።

የመጽሐፍ ዕቁብ

ስለዚህ ንግግሬን በአንድ ሐሳብ ልደምድም። ለዚህ አዲስ ተቋም መፍጠር አያስፈልገንም፤ ዕቁብን ሁላችንም እናውቃለን። ስድስት ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ ላይ ተስማሙ እንበል። እያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ ይገዛል፤ ማን የትኛውን አስቀድሞ እንደሚያነብ ዕጣ ይወጣል፤ በየሁለት ሳምንቱ መጻሕፍቱ አንድ በር ይሸጋገራሉ። በዐሥራ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ክረምት ሳይሞላ፣ ስድስት ቤተሰቦች ስድስት መጻሕፍት አነበቡ፤ እያንዳንዱ የከፈለው የአንዱን ዋጋ ነው። ደራሲውም ድርሻውን አገኘ፤ መጻሕፍቱ ተገዝተዋልና። ከስድስቱ መካከል የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ይኑርበት፤ ይህ ሰፈር በሁለቱም ቋንቋ የሚኖር ሰፈር ነው። ማንበብ የማይችል አረጋዊ ወይም ገና ያልተማረ ሕፃን ካለ፣ አንድ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ድምፅ አውጥቶ ያንብብላቸው። የ1971ዱ ክረምት ያስተማረን ይህንኑ ነው።

መጽሐፍ ይጠፋል የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ በመጽሐፍ ወዳጆች ዘንድ ያዋሰውንም የመለሰውንም ሞኝ የሚያደርግ ቀልድ አለ። አባቶች ለዚህ ግዝት ነበራቸው፤ ለእኛ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃናል። የጠፋውም ቢጠፋ፣ መደርደሪያ ላይ ሳይነበብ ከሚያረጅ መጽሐፍ የጠፋው ብዙ ጊዜ የተሻለ ዕድል አለው።

በዚህ ዓመት ከክረምቱ የቀረን ጥቂት ነው፦ የነሐሴ ማብቂያ፣ ጳጉሜንና እስከ መስከረም 25 ያሉት ቀናት። ለስድስት መጽሐፍ አይበቃም፤ ለሁለት ይበቃል። እኔ ከዚያ ተማሪዬ በኋላ ለራሴ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፦ ላውሰው ያልተዘጋጀሁትን መጽሐፍ አልጠቁምም። ስለዚህ ዛሬ ስማቸውን የጠራኋቸውን ስድስቱን መጻሕፍት ይዤ መጥቻለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አጠገባቸው ደብተር አለ። ስማችሁንና የምትመልሱበትን ቀን ጽፋችሁ ውሰዱ፤ ስትመልሱ «እንዴት አገኛችሁት?» ብዬ እጠይቃችኋለሁ።

 ክረምቱን በሰላም ያስወጣን፤ ለመስከረም ያድርሰን።